ደሳለ የቆመበት ቦታ

«ይሄ ነገር ከሰው ላይ ይወጣል ወይስ ይተኛል?» ሲል ጠየቀኝ ታላቅ ወንድሜ ደሳለ፣ ከውጭ አገር ተመልሼ ላሊበላ በገባሁ በሳምንቱ።

«ይሄ ነገር» ያለው ፍርሃቱን ነው። እኔ ደግሞ ባሕር ማዶ ለዓመታት የተማርኩት ስለ ፍርሃት ነበር። «ይወጣል የሚሉም አሉ፣ ይተኛል የሚሉም አሉ» አልኩት።

አጠገባችን ሽንኩርት ትከትፍ የነበረችው ሚስቱ ባንችይርጋ ቀና አለች። «አይ ማኅሌት! ፈረንጅ አገር ድረስ ሄደሽ ፍርሃት ተምረሽ መጣሽ? እሱማ እዚሁ በነጻ ይታደል አልነበር?»

ደሳለ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ጥያቄው ግን አልተመለሰም።

የተማርኩት ኔዘርላንድስ ነው። የሰውን አእምሮ አሠራር የሚመስል የኮምፒውተር ፕሮግራም እንሠራ ነበር። ፕሮግራሙ የሚያስታውስበት ክፍል አለው፤ ትኩረቱን የሚመራበት አለው፤ አመዛዝኖ የሚወስንበት አለው። የእኔ ድርሻ የስጋቱ ክፍል ነበር። አንጎላችን ውስጥ ገና ሳናስብ አደጋን የሚለይ ነገር አለ። መንገድ ላይ የወደቀ ገመድ እባብ ሲመስለን እግራችን ወደ ኋላ የሚዘለው «ገመድ ነው» የሚለው ሐሳብ ከመድረሱ በፊት ነው። ይህን ፈጣን መንገድና ኋላ የሚደርሰውን ቀርፋፋ መንገድ በቁጥር አስልቼ አንድ ላይ ማስኬድ ነበር ሥራዬ። የፈጠርኩት ፍጡር ኮምፒውተሩ ውስጥ በተሳለ መንገድ ይሄዳል፣ አስጊ ቦታ ይገጥመዋል፣ የስጋቱ ቁጥር ይወጣል፤ ከዚያ ወይ ይሸሻል ወይ ደርቆ ይቆማል። መፍራትን ቶሎ ተማረ። ማብረድ ላይ ግን አስቸገረኝ። አንድ ክፍል ውስጥ አረጋጋዋለሁ፤ ክፍሉን ስቀይርበት እንደ አዲስ ይደነግጣል።

ትምህርቴን ስጨርስ እዚያው እንድቀጥል ሥራ ሰጡኝ። «ላስብበት» ብዬ መጣሁ። ሻንጣዬን እስካሁን ሙሉ በሙሉ አልፈታሁትም። አንድ ቀን እዚህ እቀራለሁ እላለሁ፤ በማግሥቱ የአውሮፕላን ትኬት ዋጋ ሳይ እውላለሁ።

ደሳለ አስጎብኚ ነው። አባታችን ሲሞት ገና ተማሪ ነበር፤ ትምህርቱን ትቶ እንግዳ መቀበል ጀመረ። ጠዋት ሲያስረዳ፣ ከሰዓት ሲያስረዳ፣ ማታ ቤት የሚገባው ድምፁ ተዘግቶ ነው። እኔን ያስተማረኝ ያ ድምፅ ነው። ዛሬ ስለ አንጎል የማውቀው ሁሉ፣ ልክም ይሁን ስህተት፣ ከእሱ ጉሮሮ የወጣ ነው ብል አላጋነንኩም።

በሰሜኑ ጦርነት ጊዜ እሱና ባንችይርጋ ከጎረቤቶቻቸው ጋር ከቤታቸው ጀርባ ባለ የተፈለፈለ ዋሻ ውስጥ ተጠልለው ነበር። ድሮ እህል ይቀመጥበት የነበረ ጨለማ ቦታ ነው። የከባድ መሣሪያው ድምፅ በጆሮ አልነበረም የሚመጣው፤ በድንጋዩ ውስጥ አልፎ በጀርባቸው ነበር የሚገባው። ሁሉም በሕይወት ወጡ። ባንችይርጋ በሳምንቱ መሳቅ ጀመረች። ደሳለም የሳቀ መስሎ ነበር።

ከዚያ በኋላ ግን የጨለማው ዋሻ እምቢ አለው። ከቤተ ገብርኤል ወሩፋኤል ወደ ቤተ መርቆሬዎስ የሚያሻግረውን መተላለፊያ ማለቴ ነው። የአገሩ ሰው «ሲኦል» ይለዋል። መብራት አይበራበትም፤ ልማዱ እንደዚያ ነው። ሰው በዳበሳ ገብቶ፣ ምንም ሳያይ ሄዶ፣ ወዲያ ማዶ ብርሃን ላይ ይወጣል። አስጎብኚው ከፊት ሆኖ «ቀኝ እጅ ግድግዳው ላይ፣ ግራ እጅ ከራስ በላይ» እያለ ይመራል። ደሳለ ይህን ቃል ሲለው ስንት ዓመቱ ነበር! አሁን ግን የዋሻው አፍ ላይ ሲደርስ እግሩ ይተከላል። ስለዚህ ለእንግዶቹ ሁሉ አንድ ነገር መንገር ጀመረ፤ «ዋሻው ለጥገና ዝግ ነው።» በላይ በኩል ያዞራቸዋል።

ውሸቱ ብዙ አገለገለው። በመጨረሻ ግን እሱ «ዝግ ነው» ብሎ እያስረዳ ሳለ፣ ሌሎች ጎብኚዎች እየተሳሳቁ ከዚያው ከዝጉ ዋሻ ወጡ። እንግዶቹ ለጉዞ ወኪሉ ተናገሩ። ወኪሉ ከአዲስ አበባ ደወለ፤ ከገና በኋላ አንድ ቡድን ይመጣል፣ እነሱን እንደ ወጉ ካላሳለፍካቸው ከዚያ ወዲያ ሌላ ሰው እፈልጋለሁ አለው።

«ወልድያ እወርዳለሁ» አለን ደሳለ ስልኩን ሲዘጋ። ያጎታችን ልጅ እዚያ የሕንፃ መሣሪያ መደብር አለው። «ቆርቆሮ መሸጥ ጨለማ አይጠይቅም።»

ባንችይርጋ ያን ጊዜ አልቀለደችም። እኔም መሳቅ አልቻልኩም። ያ ድምፅ የቆርቆሮ ውፍረት ሲያስረዳ ታየኝ።

በማግሥቱ በእኔ ዕቅድ ሥራ ጀመርን። መጀመሪያ ከዋሻው አፍ ላይ መቆም፣ ከዚያ ጥቂት ገብቶ መውጣት፣ ከዚያ ትንሽ ጠለቅ ማለት። የልብ ምት የሚለካ ሰዓቴን እጁ ላይ አሰርኩለት።

«ምን ይላል?» ይለኛል።

«አትጠይቀኝ ጋሼ። ስትጠይቀኝ ይጨምራል።»

«ሳልጠይቅሽስ?»

«ያኔም ይጨምራል።»

አንድ ጠዋት ቸኮልኩ። የስልኬን መብራት አበራሁና «ና ተከተለኝ» አልኩት። ተከተለኝ። ዓለቱ ላይ የቀረውን የመፈልፈያ ምልክት ሳይቀር እያየ፣ ደህና አድርጎ አለፈ። ማዶ ስንወጣ አባ ወልደ ሩፋኤል፣ በዚያ በኩል የሚቀመጡት ሽማግሌ ቄስ፣ ከድንጋያቸው ላይ ተነሡ።

«ማነው ሲኦል ውስጥ መብራት ያበራው?»

«እኔ ነኝ አባ።»

«የማን ልጅ ነሽ አንቺ?»

«የደሳለ እህት ነኝ።»

«ደሳለ እንዲህ አድርጎ አያሳድግም» አሉና መስቀላቸውን አሳለሙኝ። «እዚያ የሚታለፈው በእጅ ነው ልጄ። መብራት የሚፈልግ በላይ በኩል ይዙር።»

በነጋታው ያለ መብራት ሲሞክር ባሰበት። አፉ ላይ እንኳ መቆም አቃተው። የሚያስቀው፣ ይኼንኑ ቀድሜ አውቀው ነበር። ለሠራሁት ፍጡር አንድ መከታ ስሰጠው፣ ደህና የሆነው በመከታው እንጂ መንገዱ ደህና ስለሆነ አይመስለውም፤ መከታውን የወሰድኩበት ዕለት ከበፊቱ ይብስበታል። ጽፌበታለሁ፤ ሰው ፊት ቆሜም አስረድቼበታለሁ። ከዚያ አገሬ ገብቼ የገዛ ወንድሜን በመብራት መራሁት።

ገና ደረሰ። ከሙጃ፣ ከብልባላ፣ ከዚያም ከራቀ አገር በእግር የመጣው ምዕመን ከተማውን በነጭ ሞላው። ዕቅዱን ልተወው አስቤ ነበር። ደሳለ ግን «አፉ ላይ እንኳ ልቁም፤ ወልድያ ስወርድ ተሸንፌ ሳይሆን ተሰናብቼ ልሂድ» አለ። ጋቢውን ደርቦ፣ የአስጎብኚነት ባጁን በልማድ አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ወጣ። እኔም ተከተልኩት።

ዋሻው አፍ አጠገብ ግንባሩን ድንጋዩ ላይ አስደግፎ፣ ዓይኑን ጨፍኖ ቆመ። የልቡን ምት ሊያበርድ ነበር። ከሩቅ ለሚያየው ግን የሚጸልይ ቄስ ነው የሚመስለው። አንዲት አጭር አሮጊት ምርኩዛቸውን ተመርኩዘው፣ አጅበዋቸው የመጡትን ሰዎች ወደ ኋላ ትተው በቀጥታ ወደ እሱ መጡ።

«አባቴ፣ ያሻግሩን።»

ደሳለ ዞረ። «እናቴ፣ እኔ ቄስ አይደለሁም።»

«እሺ፣ መሪጌታም ይሁኑ።»

«መሪጌታም አይደለሁም። አስጎብኚ ነኝ።»

«ምንም ይሁኑ ምን፣ መታወቂያ አንጠልጥለዋል፤ የቦታው ሰው ነዎት። እኔ ጨለማ እፈራለሁ፤ ከሙጃ ድረስ መጥቼ ደግሞ ሳልሻገር አልመለስም። እነዚህም ከኋላዬ ያሉት ይፈራሉ፤ አፍረው ነው ዝም ያሉት።»

«አንቺ የሺሃረግ፣ ስለ ራስሽ ተናገሪ!» አለ ከኋላ አንድ ሽማግሌ። ጎረቤታቸው ፈንታው ነበር።

«አንተ ደግሞ! ትናንት ጅቡ ሲጮህ ማን ጉያ ነበር የገባኸው?»

ሰዉ ሳቀ። ደሳለ ግን አልሳቀም። ምላሱ የለመደውን አመጣ። «ዋሻው … ዝግ ነው እናቴ።»

እማማ የሺሃረግ ወደ ዋሻው አፍ ተመለከቱ። ሦስት ሴቶች እየተያያዙ ሲገቡ ታዩ። «ዝግ ከሆነማ እነዚህ ወዴት ነው የሚጠፉት?» አሉና የጋቢውን ጫፍ ጨበጥ አደረጉ። «በሉ ይዤዎታለሁ። ይምሩን።»

ደሳለ ወደ እኔ ተመለከተ። በዕቅዴ ውስጥ እንዲህ ያለ ደረጃ አልነበረም። እሱም ከእኔ የሚጠብቀው ነገር እንደሌለ ገብቶት መሰለኝ፣ ፊቱን ወደ ጨለማው መልሶ ጉሮሮውን ጠረገ።

«ቀኝ እጅ ግድግዳው ላይ። ግራ እጅ ከራስ በላይ። ጎንበስ በሉ። የፊተኛው የሚለውን ለኋለኛው አቀብሉ።»

ቃሉ ከአፍ ወደ አፍ እየተቀባበለ ወደ ኋላ ሄደ። ከዚያ ደሳለ ገባ። እማማ የሺሃረግ ጋቢውን ይዘው ገቡ፤ እኔ የእሳቸውን ነጠላ ይዤ ገባሁ።

ጨለማው ዓይን ቢጨፍኑም ቢገልጡም አንድ ነው። ግድግዳው በስንት ሰው መዳፍ ለስልሷል። የደሳለ ድምፅ ከፊት ይመጣል፤ «ወደ ግራ ይታጠፋል … ጣሪያው ዝቅ ይላል …» ሌሎቹ ይቀባበሉታል። ደህና እየሄድን ነው ብዬ ሳስብ ድምፁ ተቋረጠ። እማማ የሺሃረግ ቆሙ። እኔም ቆምኩ። ከፊት የሚሰማው ትንፋሽ ብቻ ነበር፤ አጭር፣ የተቆራረጠ ትንፋሽ። የልብ ምት መለኪያ አላስፈለገኝም።

እኛ ይህንን «መድረቅ» እንለዋለን። ፍጡሬ እንዲህ ደርቆ ሲቆም ፕሮግራሙ «አልተሳካም» ብሎ ይመዘግብና ሙከራውን ያቋርጠዋል፤ ከዚያ ከመጀመሪያው እንጀምራለን። ከደረቀ በኋላ ምን እንደሚመጣ ቆሞ የጠበቀ የለም፤ የኮምፒውተር ሰዓት ውድ ነው። አሁን ግን ከኋላችን ብዙ ሰው አለ። ወደ ኋላ መመለስ አይቻልም። አንዱ ቢገፋ፣ አንዱ ቢጮህ፣ በዚያ ጠባብ ቦታ ሰው በሰው ላይ ይወድቃል። አውራ ጣቴ የስልኬ መብራት ላይ ደርሶ ነበር።

«ቁሙ» አሉ እማማ የሺሃረግ በሹክሹክታ፣ ወደ ኋላ ዞረው። «አባታችን ቆመዋል።»

«ለምን?» አለ ከእኔ ኋላ የነበረው ፈንታው።

«የሚጸለይበት ቦታ ነው መሰለኝ።»

ፈንታው አቀበለ። «ቁሙ፣ የሚጸለይበት ቦታ ነው።» ከእሱ ኋላ ያለችው አቀበለች። ቃሉ እየራቀ ሲሄድ እየከበረ ሄደ፤ ከመታጠፊያው ወዲያ አንዲት ሴት «እዚህ ጻድቁ የቆሙበት ነው» ስትል ሰማኋት። የሚገፋ ጠፋ። ኮሽታው ሁሉ ጸጥ አለ። ከዚያ ከመሃል አንድ ሰው ቀስ ብሎ «እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ» አለ። ሌላው ተቀበለው። ጥቂት ቆይቶ ዋሻው በሙሉ ይለው ጀመር፤ ማንም ሳይጮህ፣ ማንም ሳይቸኩል። ድምፁ በድንጋዩ ውስጥ አልፎ ግድግዳው ላይ በነበረው መዳፌ ሲገባ ይሰማኛል።

ምን ያህል ጊዜ እንደቆምን አላውቅም። ጣቴን ከስልኩ ላይ አነሣሁ። እየቆየ፣ ከሰዉ ዜማ ሥር አንድ የሻከረ ድምፅ ሰማሁ፤ የማውቀው ድምፅ ነው። ደሳለ አብሮ ይል ነበር። ከዚያ የእማማ የሺሃረግ ነጠላ ሳብ አደረገኝ።

«ደረጃ አለ» አለ ደሳለ ከፊት። «ረገጥ አድርጋችሁ ውረዱ።»

«ደረጃ አለ» አልኩ ወደ ኋላ። ፈንታው አቀበለው።

ብርሃን ላይ ስንወጣ ደሳለ ፊቱ በእንባ ታጥቦ ነበር። ሰዉ ይህን ሲያይ ጉልበቱን ለመሳም ተጋፋ። እሱ እያፈገፈገ «ተዉ፣ ተዉ፣ እባካችሁ» ይላል። እማማ የሺሃረግን ለብቻቸው ወደ ጥግ ወሰዳቸው።

«እናቴ፣ ልንገርዎት። የቆምኩት ለጸሎት አይደለም። ፈርቼ ነው።»

«ማን ያልፈራ አለና? እኔ ልቤ አፌ ደርሶ ነበር። ቢቸኩሉብኝ እዚያው እወድቅ ነበር። ስለቆሙልኝ እግዜር ይስጥልኝ።»

«እኔ አይደለሁም ያቆምኩት፣ እርስዎ ነዎት።»

«በሉ እሺ» አሉ፣ ልጅን እንደማባበል። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው ፎቶ እንዳነሣቸው አዘዙኝ። እሳቸው ስልክ የላቸውም፤ ፈንታው ቁጥሩን ሰጠኝ። ከደሳለ ጎን ቆሙ፣ ምርኩዛቸውን ደብቀው፣ እንደ ወታደር ቀጥ ብለው።

ከሰዓት በኋላ አባ ወልደ ሩፋኤል ደሳለን አስጠሩት። ጠዋት ካለፉት ሰዎች የሰሙ ሌሎች ምዕመናንም ከመታጠፊያው አልፈው መሃሉ ላይ እየቆሙ ይጸልዩ ነበር።

«ማነው እዚያ ቁሙ ያላቸው?»

«እግሬ ነው አባ» አለ ደሳለ። ሁሉንም ነገራቸው፤ «ዝግ ነው» ያለውን ውሸት ሳይቀር።

«ዝግ ነው ያልከውን ንስሐ ግባበት» አሉ አባ። «ይሄኛውን ግን እኔ ምን ልበለው? ስድብ አይደለም፣ ጸሎት ነው ያደረሱት። ዛሬ ደግሞ አንድም ሰው ተገፍቶ አልወደቀም። ተዋቸው።»

ማታ ነገሩን ስናወራላት ባንችይርጋ በሳቅ ወደቀች። «ጻድቁ ደሳለ! እንግዲህ እግር አጥቤ ልጠጣ ነው?» ከሳቋ መሃል ግን ነጠላዋን ወደ ዓይኗ ስትወስድ አየኋት።

«ሌላ ጊዜም እንዲሁ ብደርቅስ?» አላት።

«ትደርቃለህ። ከዚያ ትሄዳለህ። ማን ይነዳሃል?»

እኔ እንደ ልማዴ መጠራጠር ጀምሬ ነበር። የረዳው ምንድን ነው? የሰዉ ድምፅ ነው? ጋቢውን የያዘች ከእሱ የባሰች ፈሪ መኖሯ ነው? መሪነቱ ነው? ወይስ ሳያቋርጡት መጠበቃቸው? ሥራዬ እነዚህን አንድ በአንድ ነጥሎ መፈተን ነው፤ አንዱ ብቻውን ደግሞ ምንም ላይሆን ይችላል። አንድ ሰው፣ አንድ ቀን፣ ማስረጃ አይባልም። ይህን ሁሉ አውቃለሁ። ያን ምሽት ግን ሳመሰግን ነው ያመሸሁት፤ ማንን እንደማመሰግን እንኳ በውል ሳልለይ፣ ሽንኩርቱን፣ ጣሪያውን፣ የባንችይርጋን ሳቅ ሳይቀር።

ቡድኑ ከገና በኋላ መጣ። እኔም ከኋላ ተከተልኳቸው። ደሳለ ዋሻው አፍ ላይ ሲደርስ ፊቱ ዐመድ መሰለ፤ ገባ ግን። መሃሉ ላይ ቆመ። «እዚህ ትንሽ እንቆማለን» አለ በእንግሊዝኛ።

«ይህ ምን ቦታ ነው?» አለች አንዲት እንግዳ ከጨለማው ውስጥ።

እንደገና አንድ ነገር ይፈጥራል ብዬ ፈራሁ።

«የሚፈራ ሰው የሚቆምበት ነው» አላቸው። «ሌሎቹ ይጠብቁታል።»

ማንም አልሳቀም። ጠበቁት። ከዚያ ሄድን።

ወኪሉ ሌላ ቡድን ላከለት። የወልድያው ነገር አልተነሣም። ደሳለ አሁንም ዋሻው አፍ ላይ ሲደርስ ሰዓቱ ከፍ ያለ ቁጥር ያሳያል፤ ቁጥሩን ማየት ይብቃን ብዬ ሰዓቱን ፈታሁለት። እኔም ፕሮግራሜን ከፍቼ ፍጡሩ ሲደርቅ ሙከራውን የሚያቋርጠውን ትእዛዝ ሰረዝኩት። ምን እንደሚያደርግ ገና አላየሁም፤ ከቆመበት አልተነሣም፣ እኔም አላቋረጥኩትም።

ትናንት ፎቶውን ለፈንታው ላክሁ፤ ከሥሩም እንዲህ ጻፍኩ፦

«ጤና ይስጥልኝ ጋሽ ፈንታው። ይህን ለእማማ የሺሃረግ ያንብቡላቸው። እማማ፣ በዋሻው ያሻገረዎት ወንድሜ ደሳለ ነው። ሥራውን ሊተው ነበር፤ አልተወም። ያን ዕለት እርስዎ ‹ቁሙ› ባይሉልን ኖሮ እኔ መብራት አብርቼ ሁሉንም አበላሽ ነበር። አላበራሁም። ወንድሜን ስለጠበቁልኝ እግዚአብሔር ያክብርልኝ። በሚመጣው ገና ከመጡ ቤታችን ነው የሚያርፉት። ማኅሌት።»

ስልኬ «ተልኳል» አለ። ወደ ሙጃ ኔትወርክ ይኑር አይኑር አላውቅም። ፈንታው ስልኩን አጥፍቶት ይሆናል፤ አንብቦላቸውም ይሆናል። መልስ አልመጣም።